መኪና በመኪና ስለ መጎተት



የዛሬው ንግግራችን አንድ መኪና ሌላውን መኪና አስከትሎ በደኅና እንዲጓዝ ስለሚያስፈልገው ዝግጅት ነው። ጉዳዩ ለሾፌርና ለመካኒክ ብቻ የተተወ ሙያ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ በመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ወደ ሩቅ ወረዳ የሚላክ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ቀን መኪናው በመንገድ ላይ ቆሞበት፥ ይጎተት ወይስ እዚያው ይደር የሚለውን ነገር መቁረጡ አይቀርም። በዚያን ጊዜም ቃሉ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ መሪውን የጨበጠው ሰው ሳይሆን በጎኑ የተቀመጠው ሹም ነው። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ የሚገባው ሹሙም ጭምር ነው።

ለምሳሌ የምወስደው አገር ዝቋላ ነው። ዝቋላ ስል ከቢሾፍቱ ማዶ የሚታየውን የአቦን ተራራ እንዳታስቡብኝ፤ በዋግ ኽምራ ከሰቆጣ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቀውን ወረዳ፥ ዋና ከተማው ጽጽቃ የሆነውን ማለቴ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፥ የተከዜ ሸለቆ በዚያ አካባቢ እስከ 1100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፥ በወልድያ፥ በቆቦና በአላማጣ አድርጎ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ቆረም የደረሰ መንገደኛ ከዚያ ወደ ሰቆጣ ይታጠፋል። በላሊበላ በኩል የመጣ ደግሞ በቢልባላ አድርጎ ይደርሳል። በየትኛውም ቢመጡ መንገዱ አንድ ዳገት ሲያልቅ አንድ ቁልቁለት የሚጀምርበት ነው። እንግዲህ በዝቋላ ቆላ ካምቢዮው የተሰበረ መኪና ትልቅ ጋራዥ ካለበት ከተማ ለመድረስ ይህን ሁሉ በሌላ መኪና እየተጎተተ ሊያቋርጥ ነው። ዳገቱን መሳብ የጉልበት ነገር ብቻ ነው፤ ሰው የሚጠፋው በቁልቁለቱ ነው።

በሌላው ዓለም መኪናን በመኪና መጎተት የችግር ሳይሆን የመዝናኛ ነገር የሆነባቸው ሰዎች አሉ። በአሜሪካ ይልቁንም ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት አልጋ፥ ማእድ ቤትና መታጠቢያ የተሠራለት፥ አውቶቡስ የሚያህል ተንቀሳቃሽ ቤት ገዝተው አገር ለአገር ይዞራሉ። ነገር ግን ያን የሚያህል ቤት ይዞ ወደ ገበያ ወይም ወደ ጠባብ መንገድ መግባት ስለማይቻል፥ ከኋላው አንዲት ትንሽ መኪና በአራት ጎማዋ እየተሽከረከረች እንድትከተል አድርገው ያስሯታል። ከሰፈሩበት ሲደርሱ ፈትተዋት በእርሷ ይዘዋወራሉ። ይህ ለእኛ ምን ይረባናል የሚል አይጠፋም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ብዙ ይረባናል፤ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች አንዲትን ደኅና መኪና በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያለ ሾፌር ሲያስጎትቱ ከውስጧ ምን እንደሚቃጠል፥ ከውጭዋ ምን እንደሚበጠስ በብዙ ወጪ ተምረውታል። እኛ ትምህርቱን ያለ ወጪው ልንወስደው እንችላለን።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ፥ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጎማው ቢሽከረከር በመኪናው ሆድ ውስጥ ምን ምን አብሮ ይሽከረከራል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ማርሹን ዜሮ ላይ ካደረገ፥ ሾፌሮቻችን ፎሌ በሚሉት ማለት ነው፥ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። የኋላ ጎማው በሚነዳ መኪና፥ ጎማው ሲዞር ዲፈረንሻሉን ያዞራል፤ ዲፈረንሻሉ ከካምቢዮ የሚመጣውን ረዥሙን ዘንግ ያዞራል፤ ዘንጉም በካምቢዮው ውስጥ ያለውን ዋና ዘንግ ከነኩሽኔታው ያዞራል። ፎሌ የሚያቋርጠው ሞተሩን ከካምቢዮው ዋና ዘንግ ነው እንጂ ጎማውን ከካምቢዮው አይደለም። በብዙ ካምቢዮዎች ደግሞ ዘይቱን ወደ ላይ እየረጨ የላይኛውን ዘንግ የሚያጠጣው ከሥር ያለው፥ በሞተሩ ኃይል የሚዞረው ሌላ ዘንግ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የታችኛው ይቆማል፤ የላይኛው ግን ዘይት ሳያገኝ መዞሩን ይቀጥላል። አጭር መንገድ ይታገሥ ይሆናል፤ በረዥም መንገድ ግን በደረቁ እየተፋጨ ይግላል፥ ይነክሳል። መኪናው የተጎተተው ባትሪው ወይም የነዳጅ ፓምፑ ብቻ ተበላሽቶ ቢሆንም፥ ጋራዥ ሲደርስ ካምቢዮውም ተጨምሮ ይጠገናል ማለት ነው።

ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ከዚህ የባሰ ነው። በእርሱ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ነውና፥ ሞተሩ ከጠፋ ዘይት የሚባል ነገር ወደ ላይ አይወጣም። የፊት ጎማው የሚነዳና የእጅ ማርሽ ያለው መኪና ግን በአመዛኙ ይሻላል፤ በብዙዎቹ ጎማው ራሱ ሲዞር በውስጡ ያለውን ዘይት ስለሚያናውጠው በፎሌ ሊጎተት ይችላል። ተንቀሳቃሽ ቤት ያላቸው አሜሪካውያን ከኋላ የሚያስከትሉትን መኪና ሲመርጡ ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት ይህን የሚጠይቁት ስለዚህ ነው። መልሱም ከመኪናው ጋራ በሚሰጠው የአያያዝ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። መጽሐፉ በብዙ መሥሪያ ቤት በንብረት ክፍል ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል፤ በመኪናው ኪስ ውስጥ ቢሆን ግን በጽጽቃ መንገድ ላይ ለሚቆመው ሾፌር ከማንኛውም መመሪያ ይልቅ በጠቀመው ነበር።

መጽሐፉ ባይኖርስ? የኋላ ጎማው ለሚነዳ መኪና አንድ አስተማማኝ ዘዴ አለ፤ ይኸውም ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረዥም ዘንግ ብሎኖቹን ፈትቶ ማውጣት ነው። ለሚያውቀው ሰው ጥቂት መፍቻና ጥቂት ጊዜ ይበቃዋል። በአራቱም ጎማ የሚነዱትን እንደ ላንድ ክሩዘር ያሉትንም ከሆነ ወደ ፊት የሚሄደውን ዘንግ ጭምር መፍታት ያስፈልግ ይሆናል። የፊት ጎማው መሐል በእጅ የሚለቀቅ መቆለፊያ ያለው ከሆነ መልቀቁ ይበቃል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። በአንዳንድ አሮጌ ላንድ ሮቨሮችና በሌሎችም መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ያንኑ ዘንግ ነው። ዘንጉ ከወጣ የእጅ ፍሬኑ ቢጎተትም ከምንም አይቆጠርም። ከመፍታት አስቀድሞ በአራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ ማስደገፍ፥ ከመኪናው ሥር የሚገባውም ሰው ድንጋዩን በዓይኑ አይቶ መግባት አለበት።

በዚህ ላይ የመሪው ነገር አለ። ቁልፉ የወጣለት መኪና መሪው ይቆለፋል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይህ አይታወቅም፤ በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ግን ተጎታቹ ወደ ገደል ሲሄድ ይታወቃል። ስለዚህ ቁልፉ ገብቶ መሪው እስኪለቀቅ ድረስ መዞር አለበት፤ መሪው በእጅ ተሞክሮ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መዞሩ መረጋገጥ አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ማያያዣው ነው። በአገራችን የተለመደው ገመድ ወይም ካቦ ነው። ገመድ ለአጭርና ለሜዳ መንገድ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ገመድ የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፥ መሳብ። ሲረግብ ምንም አያውቅም። በተጎታቹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ፍሬን እየያዘ ገመዱን እንዲወጠር ማድረግ አለበት፤ ካላደረገ ገመዱ ይረግባል፥ ከጎማ ሥር ይገባል፥ ወይም እንደ ገና በድንገት ሲወጠር ይበጠሳል። የተበጠሰ የብረት ካቦ እንደ ጅራፍ ተመልሶ መስተዋት ሰብሮ ሊገባ ይችላል። የናይሎን ገመድም ቢሆን በመለጠጡ ብዙ ኃይል አምቆ ይይዛልና ሲበጠስ አይምርም። በካቦው ወይም በገመዱ መካከል ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ከባድ ጆንያ ጣል ቢደረግበት፥ በሚበጠስበት ጊዜ ኃይሉን ይቀንሰዋል። የቆመ ተመልካችና ሕፃናትም ከዚያ አካባቢ ይራቁ።

ገመዱ የሚታሰርበትም ስፍራ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ፓራውልት ጌጥና መከላከያ ነው እንጂ መጎተቻ አይደለም፤ ተገንጥሎ ይመጣል። መሪውን ከጎማው ጋራ የሚያገናኘውን ዘንግ ማሰርማ የመኪናውን መሪ በገዛ እጅ ማጣመም ነው። ፋብሪካው ያበጀው የመጎተቻ ጋንቾ ከሻንሲው ጋራ የተያያዘ ነው። በብዙ ትናንሽ አውቶሞቢሎች ደግሞ እየተጠመዘዘ የሚገባ ቀለበት ከክሪኩ ዕቃ ጋራ ተቀምጦ ይገኛል። ብዙ ባለመኪና ይህ ቀለበት ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ከመኪናው ጋራ ይሸጠዋል።

(ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ፍሬቻ፥ ጋንቾ፥ ፓራውልት የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የገቡ ናቸው። ለእነዚህ አማርኛ ይበጅላቸው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን በቁልቁለት ላይ “ፍሬን!” ብሎ የሚጮኽ ሰው ወዲያው መሰማት አለበት።)

ተንቀሳቃሽ ቤት ያላቸው ሰዎች ገመድን ፈጽሞ አይጠቀሙም። እነርሱ የሚሠሩበት የብረት ማያያዣ ባለ ሦስት ማእዘን ነው፤ ሁለቱ እግሮቹ በተጎታቹ ሻንሲ ላይ በብሎን ጠብቆ በታሰረ ብረት ላይ በፔርኖ ይገባሉ፤ ጫፉ ደግሞ በጎታቹ ኋላ ካለው ኳስ መሰል ብረት ወይም ጋንቾ ጋራ ይያያዛል። ይህ ብረት ይስባልም፥ ይገፋልም። ጎታቹ ሲታጠፍ ሦስት ማእዘኑ የተጎታቹን አፍንጫ አብሮ ይጠመዝዘዋል፤ የፊት ጎማዎቹም መሪያቸው ነፃ ስለ ሆነ በራሳቸው ጊዜ ይከተላሉ። በተጎታቹ ውስጥ ሰው መቀመጥ አያስፈልገውም፥ መቀመጥም የለበትም። እንዲህ ያለውን ብረት ሙያውን የሚያውቅ ብየዳ ቤት ሊሠራው የሚችል ቢመስልም፥ ብየዳው ሲከፈት የሚከተለው ነገር ሁሉ በአንድ ስፌት ላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ ርካሽ ተብሎ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ብረቱ በተቻለ መጠን አግድም መሆን አለበት። ጎታቹ ከፍ ያለ የጭነት መኪና፥ ተጎታቹ ዝቅ ያለ አውቶሞቢል ሲሆን ብረቱ ከላይ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ጎታቹ ፍሬን በያዘ ጊዜ ከኋላ የሚገፋው ክብደት በተጋደመው ብረት ላይ እየወጣ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ሊያነሣው ይፈልጋል። የሁለቱ ጫፎች ልዩነት ከ10 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል፤ እርሱም ክብደቱና ፍሬኑ ነው።

በቸርችል ጎዳና ላይ በቴዎድሮስ አደባባይ የሚታየውን የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ በየቀኑ እያያችሁት ታልፋላችሁ። እውነተኛው መድፍ በጋፋት ተሠርቶ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ መንገድ እያስጠረጉ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት እርሱን ነው። በመካከሉ የጅጣና የበሽሎ ሸለቆዎች አሉ። ስለዚያ ጉዞ ስናስብ ሁልጊዜ የሚታየን ዳገቱን በጠፍር የሚስበው የሕዝብ ብዛት ነው። ነገር ግን 7 ቶን ብረት በሽሎ ሲወርድ የሚስበው ሰው አይፈልግም፤ የሚፈልገው ወደ ኋላ ይዞ የሚያዘገየው ነው። ይህንኑ የዋግ ነጋዴም በበቅሎው ያውቀዋል። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ወደ አንገቷ እንዳይወርድ ከጭራዋ ሥር የሚያልፍ ጠፍር ያስርላታል። ጠፍሩ በዳገቱ ሥራ ፈት ነው፤ በቁልቁለቱ ግን በቅሎዋን ከነጭነቷ የሚያድናት እርሱ ነው።

መኪናም እንዲሁ ነው። 2000 ኪሎ የሚመዝን ላንድ ክሩዘር ከቆረም ወደ አላማጣ ሲጎተት አስቡ። ቆረም 2500 ሜትር ገደማ፥ አላማጣ 1500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው፤ ልዩነቱ 1000 ሜትር ነው። ይህ ክብደት ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፥ 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። ከዚህ ከፊሉን ነፋሱና የጎማው መፋተግ፥ ከፊሉንም የጎታቹ ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ እየያዘ ይወስደዋል፤ የቀረው ግን የግዴታ በፍሬን ሸራና በታምቡር ላይ ያርፋል። ተጎታቹ የራሱ ፍሬን የማይሠራለት ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን የሚሸከመው የጎታቹ ፍሬን ብቻ ነው፤ ያውም የገዛ ራሱን ሙቀት ከተሸከመ በኋላ። የጋለ ሸራ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። የፍሬን ዘይትም ከጊዜ ብዛት እርጥበት የጠጣ እንደ ሆነ በሙቀቱ ይፈላል፤ በውስጡም እንፋሎት ስለሚፈጠር ሾፌሩ ሲረግጠው ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል እንጂ ምንም አይዝም።

እዚህ ላይ “ቀስ ብለህ ሂድ” የሚለው የሹማምንት ምክር ምን ያህል እንደሚሠራ መመርመር ያሻል። ቀስ ማለት መልካም ነው፤ ለፍሬኑ መቀዝቀዣ ጊዜ ይሰጠዋልና። ነገር ግን የቁልቁለቱን ቁመት አያሳጥረውም፥ የመኪናውንም ክብደት አይቀንሰውም። ሦስቱ ጀሪካን በፍጥነትም ቢወርዱ በዝግታም ቢወርዱ ሦስት ጀሪካን ናቸው። ፍሬን ሲረግጡ ቀስ ብሎ መውረድና በከባድ ማርሽ ሞተሩ እየያዘ ቀስ ብሎ መውረድ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድበት የሚባለው የአሮጌ ሾፌሮች ደንብ፥ ከኋላ ተጎታች ሲኖር አንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ መነበብ አለበት።

በሌሎች አገሮች ይህ ለሰው ፈቃድ አልተተወም። በእንግሊዝ አገር በዚህ ዓይነት የሚጎተት ከ750 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር የራሱ የሚሠራ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። በአሜሪካ በብዙዎቹ ክፍላተ ሀገር ወሰኑ 3000 ፓውንድ፥ ማለት 1360 ኪሎ ገደማ ነው። በተንቀሳቃሽ ቤት ለሚጎተተው መኪና ይህን ለመፈጸም ከሾፌሩ ወንበር ፊት አንድ መሣሪያ ያስቀምጣሉ፤ ጎታቹ ፍሬን ሲይዝ መሣሪያው ይሰማዋል፥ የተጎታቹንም የፍሬን ፔዳል ልክ እንደ ሰው እግር ይረግጠዋል። ሌሎችም ከጎታቹ ፍሬን በሚመጣ አየር የሚሠሩ አሉ። በተጨማሪም ቀጭን ሽቦ ከጎታቹ ጋራ ታስሮ ይሄዳል፤ ብረቱ ተበጥሶ ሁለቱ ቢለያዩ ሽቦው አንዲት ሹል ነቅሎ የተጎታቹ ፍሬን በራሱ እንዲይዝ ያደርጋል።

በዋግ መንገድ ላይ ይህ መሣሪያ አይገኝም። በምትኩ የሚሠራው ሰው ነው። ስለዚህ በገመድ በሚጎተት መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ሰው መሪ ለመያዝ ብቻ የተቀመጠ መሆን የለበትም፤ ፍሬን የሚይዘው እርሱ ነውና ከሁለቱ ሾፌሮች የተሻለው እዚያ ቢቀመጥ አይበዛበትም። እርሱም አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሞተሩ በጠፋ መኪና የፍሬኑ ሰርቦ አንድ ሁለት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እርዳታው ያልቃል፤ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ የመሪውም ረዳት ኃይል እንዲሁ። ስለዚህ ሞተሩ የሚነሣ ከሆነ፥ የተሰበረው ካምቢዮው ብቻ ከሆነ፥ ሞተሩ ተነሥቶ ቢጎተት ይመረጣል። ሞተሩ የማይነሣ ከሆነ ሰውዬው በሁለት እግሩ እስከ መርገጥ ለሚደርስ ጉልበት ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ፍሬኑ ጨርሶ የማይሠራ መኪና ግን በገመድ ቁልቁለት አይወርድም። ይህን በምንም ዘዴ ማለዘብ አይቻልም፤ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል፥ ያም ከጠፋ መኪናው በጥበቃ እዚያው ያድራል።

በጠንካራ ብረት የተያያዙ መኪናዎች ሌላም ጠባይ አላቸው፤ ወደ ኋላ አይሄዱም። ጎታቹ ወደ ኋላ ሲል የተጎታቹ የፊት ጎማ ወደ አንድ ወገን ይታጠፍና እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ትንሽ ከተገፋም ብረቱን ወይም መሪውን ይሰብራል። አሜሪካኖቹ ቀላል መፍትሔ አላቸው፤ ይፈቱታል። እኛ ግን በጠባብ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ወደ ታች ከሚመጣ የተጫነ መኪና ጋራ ስንገናኝ ማን ወደ ኋላ እንደሚመለስ ክርክር የምናነሣ ሰዎች ነንና፥ ተጎታች የያዘው መኪና መመለስ እንደማይችል አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ረዳቱ በእግሩ ቀድሞ ጠመዝማዛውን አይቶ ምልክት ቢሰጥ፥ የሚጠፋው ጊዜ ፈትቶ ከማሰር ያነሰ ነው።

ሰንሰለትና መብራት ሳይነሡ አይታለፉም። ከብረቱ ሥር ሁለት ሰንሰለቶች ተጠላልፈው ይታሰራሉ፤ ብረቱ ቢወድቅ መሬት ሳይነካ በተጠላለፉት ላይ ያርፋል። ለመታጠፍ የሚበቃ መርገብ ይኑራቸው፥ መሬት ግን አይጎተቱ። ከኋላ ያለው መኪና ደግሞ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ ሊታይበት ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ ከጎታቹ በሽቦ ካልተወሰደ በተጎታቹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ፍሬቻውን ራሱ እያበራ ይከተል። ሌሊት ግን አይጎተት። በገመድ ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት፥ በእንግሊዝ ሕግ 4 ሜትር ተኩል ነው ከፍተኛው፥ አጭር ስለ ሆነ በገመዱ መካከል ቀይ ጨርቅ ይንጠልጠልበት። በገጠር መንገድ እረኛውም አህያውም በሁለት መኪና መካከል ክፍት ቦታ ያየ ይመስለዋልና።

በአዲስ አበባ ላላችሁ አድማጮች ይልቁንም አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱት ጎማዎቹ መሬት ነክተው መጎተት የለበትም። በእርሱ ውስጥ ሞተሩ ከጎማው ጋራ እንደ ተያያዘ ስለሚኖር ጎማው ሲዞር ሞተሩ ይዞራል፤ የሚዞር ሞተርም ኤሌክትሪክ ያመነጫል፥ ከዚያም የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን ሊያቃጥል ይችላል። እንዲህ ያለው መኪና ባትሪው ያለቀበት እንደ ሆነ በጠፍጣፋ መኪና ላይ አራቱም ጎማው ተነሥቶ መጫን አለበት። ለጉርብትና ብሎ በገመድ የሚስብላችሁን ሰው አመስግናችሁ አስቁሙት።

አሁን ወደ ሹሙና ወደ ሾፌሩ እንመለስ። ነገሩ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። መኪናው ቆሟል፤ ፀሐዩ ዘቅዝቋል፤ አንድ የጭነት መኪና ከኋላ ደርሶ ልጎትታችሁ ብሏል። ሾፌሩ ከሥር ገብቶ አይቶ ይወጣና፥ “ጌታዬ፥ ፍሬኑ አየር ይዟል፤ እስከ ሜዳው እንጂ ቁልቁለቱን በገመድ አላወርደውም” ይላል። ሹሙ ደግሞ በማግስቱ ስብሰባ አለበት፥ አበሉም አልቋል፥ ማደሪያም አያውቅም። “አንተ ደግሞ ነገር ታከብዳለህ፤ ስንቱ ይጎተት የለም እንዴ?” ይላል። ሾፌሩ ሊቆጣው ወይም ሊከሰው የሚችል አለቃ ነውና ዝም ብሎ ገመዱን ያስራል። በዚህ ጉዳይ ላይ የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ሹሙ ያዝዛል፤ ፍሬንን በሚመለከት ግን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሾፌሩ መሆን አለበት፥ ይህም በጽሑፍ መታወቅ አለበት። በሥራ ላይ የሚወጣ መኪና የመውጫ ወረቀት ይፈረምለታል፤ በዚያው ወረቀት ላይ “መኪናው የሚጎተት ቢሆን ውሳኔው የሾፌሩ ነው” የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ከመሥሪያ ቤቱ ቀለም በቀር ምንም አያወጣም። ከመለዋወጫ ጎማና ከክሪኩ ጋራም አንድ ጤነኛ ገመድ፥ የመጎተቻው ቀለበት፥ አራት የእንጨት ታኮና የአያያዙ መጽሐፍ አብሮ ይመዝገብ። ብዙ መኪና ወደ ቆላ ወረዳዎች የሚልክ መሥሪያ ቤት ደግሞ ባለ ሦስት ማእዘኑን ብረት ለአንዱ መኪና አስለክቶ ቢያሠራ ገንዘቡ የባከነ አይሆንም።

ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ ሾፌሮች ፊት ለፊት ቆመው ምልክታቸውን ይስማሙ። ስልክ በሸለቆው ውስጥ ላይሰማ ይችላልና በጥሩምባ ይሁን፦ አንድ ጊዜ ቢነፋ “ቀስ በል”፥ ሁለት ጊዜ “ቁም”፥ ረዥም ጥሩምባ “ፍሬን የለኝም”። ይህን የመጨረሻውን የሰማ ጎታች ፍሬኑን በድንገት አይረግጥም፤ ከኋላ ያለው ይወጣበታልና። ማርሹን እያወረደ፥ ከገደሉ ወገን ሳይሆን ከተራራው ወገን እየተጠጋ ይቆማል። ከዚያም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በቀስታ ከተሄደ በኋላ ሁለቱም ይቁሙ፤ ብሎኑና ዳዶው፥ ፔርኖውና ሰንሰለቱ ይታይ፤ የአራቱም ጎማዎች ቸርኬ ሳይነካ በእጅ መዳፍ ከቅርብ ይሞከር። ከሌሎቹ የበለጠ ሙቀት የሚወጣበት ጎማ ካለ ፍሬኑ አልለቀቀም፥ ወይም ኩሽኔታው ደርቋል ማለት ነው፤ ገመዱ ይፈታና ያ ጎማ ይመርመር።